ሃያ ማይክሮን

ዩራኒየም የሚሉትን ብረት በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤
ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት እስከ ቁራሌው፣ ያየው የለም።
የማውቀው በወረቀት ነው፣ ከደበዘዘ ቅጂ ላይ፤
እንዲህ ይላል፦ ሲወለወል ብር ነው፣ ፊትን የሚያሳይ፤
ሲያድር ወርቅ ይመስላል፣ ገለባ ቢጫ፣ የሙሽራ ቀለበት፤
በሳምንቱ ጥቁር፣ እንደ ከሰል፣ እንደ ጥላሸት።
ከእርሳስ ይከብዳል፣ ግን አየር አይችልም፤
ደቅቆ ዱቄት ከሆነማ ክብሪት አይጠብቅም።

ዝገቱ ከራሱ ይሰፋል፤ ቆዳው ላይ ያብጣል፤
ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ አዲሱን ገላ ለአየር ይሰጣል።
እርጥበት ካገኘውማ፣ እንደ ሐምሌ ጭጋግ ያለ፣
ከሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዶ ከተማችን ላይ የዋለ፣
ቶሎ ነው የሚያልቀው።
ስለዚህ ያለብሱታል፤ ኒኬል በስሱ፣ ሃያ ማይክሮን፣
ከጸጉር ሩብ የማይበልጥ፣ መልበሱ እስኪያጠራጥር ድረስ ስስ እስኪሆን።

እኔ ዩራኒየም ስለሌለኝ በሱ ፈንታ ተራ ብረት ቆረጥኩ፤
አሥራ ሁለት ቁራጭ፣ ጥፍር የሚያካክሉ፤ ኒኬል አለበስኩ።
ሰባቱ በሳምንት ዛጉ፤ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ተላጠ፤
አምስቱ ቀሩ። ለምን እነሱ? ሠንጠረዡ መልስ አልሰጠ።
ጥያቄዬ ይሄው ነበር፦ ልብሱ ለምን ይላቀቃል?
አማካሪዬ አያውቅም።
አባቴ ያውቃል።

አባቴ እንድሪስ፣ ሃያ ስድስት ዓመት
ቆርቆሮ ሲነክር የኖረ፣ ከቀለጠ ዚንክ ፊት።
ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ጫማውን በራፉ ላይ ሲፈታ
ብረቶቼን ዘርግቼ ጠየቅሁት፣ ሳይበላ፣ ሳይተኛ፣ ለአንድ አፍታ።
የተላጠውን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረውና ሳቀ፤
«ይሄ ገላውን አልታጠበም» አለ፣ «ለዚያ ነው ልብሱ የወለቀ።
መጀመሪያ አሲድ ትነክሪዋለሽ፣ ታጥቢዋለሽ፣ ጨው ትቀቢዋለሽ፤
የጣትሽ ቅባት እንኳ ካረፈበት፣ ዚንኩ ያልፈዋል፤ ቀዳዳ ታገኛለሽ።
የመርፌ ጫፍ ታህላለች። አንቺ አታይያትም፣ ውሃ ግን ያያታል፤
ከሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ ላይ ላዩን ሰላም ይመስላል።»

ምዕራፍ ሦስት ላይ አሰፈርኩት። ምንጩን ግን አልጠቀስኩም፤
«የገንዳ ሠራተኛ» ብዬ መጻፍ አልደፈርኩም።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። «አባ፣ ያንተ ዚንክ» አልኩት፣ «ቢጫርም
ራሱ ይበላል፤ ቀድሞ ያልቃል፤ ብረቱን አያስነካም።
ኒኬል ግን እንዲያ አይደለም፤ ያምራል፣ ያበራል፤ አንዴ ከተጫረ
ለራሱ ይተርፋል፤ የሚበላው ከሥሩ ያለው ነው፣ ልብስ አለኝ ብሎ የኖረ።»

ዝም አለ። ከቦርሳው ጠርሙሱን አወጣ፤
ፋብሪካው ለጭሱ ብሎ የሚሰጠው ወተት፣ ከነክዳኑ፣ ያልተጠጣ።
ገንዳ ላይ የሚቆም ሁሉ እዚያው ይጠጣ የሚል ደንብ አለ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ግን ወተቱ እኛ ቤት ዋለ።
እኔ ጠጥቼው አደግሁ፤ ዘምዘምም፣ ከድርም፤
ክረምት ሲገባ እሱ ያስላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፤ ስለ ሳሉ አያወራም።
«ጠጪ እንጂ አንሻ፣ ሳይበላሽ» አለኝ። ብረቶቼን ሰበሰብኩ።
እጄ ሁሉ ቅባት ነበር። ያኔ ነው ያስተዋልኩ።

ባቲም፣ ሐርቡም፣ ወረኢሉም እሱ በነከረው ያበራል፤
የእኛ ጣራ በቅናሽ የተገዛ ውዳቂ ነው፤ ምስማር በበሳው ዙሪያ ቀልቷል።
ማታ ዘነበ። ጠብታው ሳህኑ ላይ ሲቆጥር፣
ከግድግዳው ማዶ ሳሉ ተራ እየጠበቀ ይመልስለት ነበር።
ተነሥቼ መብራት አበራሁ። ከምዕራፍ ሦስት ግርጌ፦
«እንድሪስ ይማም፣ የገንዳ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፤ በቃል።»
አማካሪዬ ቀይ እስክሪብቶ አለው፤ ይሰርዘው ይሆናል።

ግማሹን ወተት አፍልቼ አስቀመጥኩለት። ጠዋት ሳየው አልነካውም፤
ስስ ስልባቦት ለብሶ ቆየኝ።
ውፍረቱን አልለካሁም።